በእግዚአብሔር ፊት መቆምን መልመድ

ልጄ፣

ቅዳሴ ቆመህ ልብህ አብሮህ አልቆም እያለ እንደሚያስቸግርህ ነግረኸኛል። እግርህ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሐሳብህ ግን ሥራ ቦታህ፣ የቤት ኪራይህ፣ ስልክህ ዘንድ ይዞራል። አጠገብህ ያሉ እናቶች እንባቸው ሲፈስ እያየህ «እኔን ምን ነካኝ? እምነቴ ጠፍቶ ይሆን?» ብለህ ጠይቀኸኛል። እምነቱ የጠፋበት ሰው በዚህ ነገር እንቅልፍ አያጣም። አንተ የጎደለህ ልምዱ ነው፤ ልምድ ደግሞ ይገኛል።

ብዙ ሰው ፈሪሃ እግዚአብሔርን ድንገት የሚመጣ ስሜት አድርጎ ያስበዋል። ሲመጣለት ደስ ይለዋል፣ ሲቀርበት ይከፋዋል። አባቶቻችን ግን በሌላ መንገድ አስተምረውናል። ሰውነት አስቀድሞ መስገድን ይለምዳል፤ ልብ ከኋላው ይደርሳል። ጾሙ፣ መቆሙ፣ ጫማ ማውለቁ፣ ዝም ማለቱ ሁሉ የተሠራው ለዚሁ ነው። ልብህ እስኪነካ ድረስ ሥርዓቱን አታቆየው፤ ሥርዓቱን ያዝ፣ ልብህ በጊዜው ይነካል።

የምንኖርበት ፉሪም ለዚህ ትምህርት ቀላል ሰፈር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቀድሞ እርሻና ግጦሽ የነበረው ሜዳ ዛሬ ቤት ሞልቶበታል። በለቡ በኩል በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ አለ፤ አስፋልቱ ላይ ሲኖትራኩ ሌሊቱን ሲያጓራ ያድራል። ጸጥታ ከሰፈሩ አይመጣልህም። ስለዚህ ራስህ እንድታበጀው፣ እኔም ከአባቶች የተቀበልኩትን በተራ በተራ ልንገርህ።

1. ቅዳሜ ማታ ጀምር

የእሑድ ቅዳሴ እሑድ ጠዋት አይጀምርም። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ቀኑ የሚገባው በዋዜማው ነው። የሚቆርብ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ከምግብና ከውኃ ይከለከላል፤ ይህ ማለት ቅዳሜ ከቀትር ጀምሮ በሰውነቱ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አይረሳም። የማትቆርብበት ቀን እንኳ ቢሆን ከዚህ ጥበብ ተማር። ቅዳሜ ማታ ፕሪምየር ሊጉን እስከ መጨረሻው ተከታትለህ፣ በስልክ ስትከራከር አምሽተህ፣ ጠዋት ዓይንህን እያሸህ ብትደርስ ልብህ ለምን አልመጣም ብለህ አትገረም። ነጠላህን ወይም ጋቢህን ማታውኑ አዘጋጅ። የተጣላኸው ሰው ካለ ደውልለት። ጊዜ ወስደህ ተኛ። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥና የኪዳኑ ጸሎት ሳያልቅ ድረስ። ቅዳሴው ሲጋመስ የሚደርስ ሰው ሌሎች ከተሻገሩ በኋላ ወንዙ ዳር የሚደርስ መንገደኛ ነው፤ ከማዶ ያያቸዋል እንጂ አብሯቸው አይሄድም።

2. ከደጁ ጀምረህ ሰውነትህን አስተምር

ቅጥሩ በር ላይ ስትደርስ ቁም። አማትብ፣ ሦስት ጊዜ እጅ ንሣ፣ ደጁን ተሳለም። ኮፍያህን አውልቅ። ነጠላህን ደረትህ ላይ አመሳቅለው፤ ከደጅ ውጭ እንደለበስከው አድርገህ አትግባ። ከዚያም ወደ ቤተ መቅደሱ ስትቀርብ ጫማህን አውልቅ።

ጫማ ማውለቅ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ብዙ ትምህርት ግን አለበት። ሙሴ በሲና የሚነደውን ቁጥቋጦ ሊያይ ሲቀርብ የመጀመሪያው ትእዛዝ እንዳይጠጋና ጫማውን እንዲያወልቅ ነበር። እግዚአብሔር ከዚያ በፊት ስሙን አልነገረውም፤ ወደ ፈርዖንም አልላከውም። መጀመሪያ እግሩ መሬቱን ነካ፤ ከዚያ ጆሮው ቃሉን ሰማ። አንተም በክረምት ጠዋት የደጀ ሰላሙ ድንጋይ ከእግርህ ሥር ሲቀዘቅዝህ ያንን ቅዝቃዜ አትሽሸው። አንድ አፍታ ቁምና «አሁን የቆምኩት የማን ቦታ ላይ ነው?» በል። ጫማህንም እንደ ነገሩ አትወርውረው፤ ጎን ለጎን አድርገህ አስቀምጠው። እጅህ በዝግታ ከሠራ ልብህም ዝግ ይላል።

በላሊበላ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የፈለፈሉ አባቶች ሕንፃውን ወደ ሰማይ አላቆሙትም፤ መሬቱን ወደ ታች ቆፍረው ነው ያወጡት። ወደ ቤተ ጊዮርጊስ የሚሄድ ሰው ወደ ጉድጓዱ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በባዶ እግሩ ነው የሚገባው። ከእኛ ሰፈር ሳይርቅም፣ በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ሄደህ ታጥፈህ የምታገኛት አዳዲ ማርያም እንዲሁ ከአለት የተፈለፈለች ናት፤ ትውፊቱም ከቅዱስ ላሊበላ ጋር ያያይዛታል። አንድ ቀን ጓደኞችህን ይዘህ ሂድ። ወርደህ ስትገባ የምትማረውን እኔ በቃል ልነግርህ አልችልም።

3. የምትቆምበትን ቦታ እወቅ

ቤተ ክርስቲያናችን ሦስት ክፍል አላት፦ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ሊቃውንቱ የሚያዜሙበት ቅኔ ማኅሌቱ ነው፤ ቆራብያን የሚቀበሉበት ቅድስቱ ነው፤ ታቦቱ በመንበሩ ላይ ያለበትና ካህናትና ዲያቆናት ብቻ የሚገቡበት መቅደሱ ነው። ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ በኩል ይቆማሉ፤ ሁሉም ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያደርጋል። ይህን ያላወቀ ሰው በሩቁ እንደ ተመልካች ይቆማል፤ ያወቀው ግን እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ማን እንደሚያቀርበው ያስተውላል።

መጋረጃውን በተለይ አስተውለው። ዘመናችን ሁሉን ነገር ገልጦ ማየት የለመደ ነው። የሰው ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ገበታ፣ መኝታ ሳይቀር በስልክ ይታያል። መጋረጃው ግን «ይህን አታየውም» ይልሃል። ነቢዩ ኢሳይያስ ባየው ራእይ ሱራፌል ስድስት ስድስት ክንፍ ነበራቸው፤ በሁለቱ ፊታቸውን፣ በሁለቱ እግራቸውን ሸፍነው በቀሩት ሁለት ይበሩ ነበር። ከስድስቱ አራቱ ለመሸፈኛ ናቸው። መላእክቱ እንኳ በዙፋኑ ፊት ራሳቸውን ከሸፈኑ፣ እኛ አለማየትን መልመድ አይበዛብንም። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን የተከራዩት አዳራሽ ውስጥ ሳይቀር መጋረጃ ሰቅለው፣ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ጫማቸውን በር ላይ ደርድረው የሚቀድሱት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ሕንፃው የሌላ ሊሆን ይችላል፤ የሚቆሙት ግን በማን ፊት እንደሆነ አልጠፋቸውም።

4. ቤተልሔምን አስብ

ከቤተ መቅደሱ በስተምሥራቅ ያለችውን ትንሽ ቤት አይተሃት ታውቃለህ፤ ሰው ግን ልብ ሳይላት ያልፋል። ቤተልሔም ትባላለች። ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ ዲያቆኑ እዚያ ይሠራል። ንጹሕ ስንዴ ተለቅሞ ተፈጭቷል፤ ዱቄቱ ይቦካል፤ ኅብስቱ 13 የመስቀል ምልክት ተደርጎበት ይጋገራል፤ አንዱ ለጌታ፣ 12ቱ ለሐዋርያት። ዘቢቡ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ታሽቶ፣ ተጨምቆ ለጽዋው ይዘጋጃል። ከዚያ ቃጭሉ እየተመታ፣ መሶበ ወርቁ ተሸፍኖ፣ ጥላ ተይዞለት ወደ መቅደስ ይሄዳል፤ ደጅ ያለው ሰው ሁሉ ያጎነብሳል።

የቃጭሉን ድምፅ ስትሰማ ያን ሌሊት አስበው። ጌታ የተወለደባት ከተማ ስም ለዳቦ መጋገሪያ ቤት መሰጠቱ ለዋዛ አይደለም፤ ሰማይና ምድርን የፈጠረ ጌታ ከስንዴና ከዘቢብ ጋር ወደ አንተ እንደሚመጣ ያስታውስሃል። የእግዚአብሔርን ታላቅነት በነጎድጓድና በእሳት ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህን ያጣዋል። እርሱ ታላቅ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል መቅረቡ ነው የሚያስደነግጠው።

5. የምትሰማውን እወቀው

ግእዙ አይገባኝም ብለህ እስከ መቼ ትኖራለህ? በግእዝና በአማርኛ ጎን ለጎን የታተመ መጽሐፈ ቅዳሴ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይሸጣል። ግዛው። ቤተ ክርስቲያናችን 14 ቅዳሴያት አሏት። በዓመት ውስጥ የሚዘወተሩትን በሳምንት ጥቂት ገጽ እያልክ አንብብ። ከአባ ሕርያቆስ ቅዳሴ ማርያም ብትጀምር መልካም ነው። ያ አባት እሳት የሆነው አምላክ በአንዲት ድንግል ማኅፀን ተወስኖ እንዴት እንዳላቃጠላት ሲያስብ ይደነቃል፤ ትውፊቱም ሊቅ ተብሎ የማይከበር፣ ሰው የሚንቀው አባት እንደነበረ ይነግረናል። መደነቅ የተማረ ሰው ብቻ ሀብት አይደለም።

ደግሞ ቅዳሴው የካህኑ ብቻ አይደለም። ሥርዓቱ እንደ ልማዱ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ይፈልጋል፤ ከእነርሱ ጋር ግን ሕዝቡም የራሱ ድርሻ አለው። ዲያቆኑ ቁሙ ሲል ትቆማለህ፣ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ሲል ትመለከታለህ፣ ስገዱ ሲል ትሰግዳለህ፣ ካህኑ ሲጸልይ ተሰጥኦውን ትመልሳለህ። አፍህን ዘግተህ አትቁም። ሐሳቡ ለሚበተንበት ሰው ተሰጥኦ መመለስን የመሰለ መድኃኒት የለም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ለመመለስ የሚጠብቅ ጆሮ ወደ ገበያ አይሄድም።

6. ዜማው ረዘመ አትበል

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም የሆነውን ከልጅነትህ ሰምተኸዋል። ንጉሡ ጦሩን ተመርኩዞ ይሰማ ነበር። በዜማው ከመመሰጡ የተነሣ ጦሩ የያሬድን እግር ወጋው፤ የወጋውም አላወቀም፣ የተወጋውም አልተሰማው። ደሙን ያዩት ዜማው ሲያበቃ ነው። ንጉሡ ደንግጦ የፈለግኸውን ጠይቀኝ ቢለው፣ ያሬድ ርስትም ወርቅም አልጠየቀም፤ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ በጸሎት እንዲኖር እንዲለቅቀው ለመነ።

ይህ ትውፊት ሁለት ሰው ይዟል፦ የሚዘምርና የሚያዳምጥ። ሁለቱም ራሳቸውን ረስተዋል። የዛሬ ሰው ሰዓቱን እያየ ያዳምጣል። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት የያሬድ ዜማዎች ለችኩል ጆሮ አልተሠሩም፤ አንዱን ቃል ያስረዝሙታል፣ ይመልሱታል፣ ያዞሩታል፤ ቃሉ ከጆሮ አልፎ እስኪወርድ ድረስ። ማኅሌት ቆመህ ካላደርክ አንድ ሌሊት ሞክር። መጀመሪያ እንቅልፍ ይጥልሃል፣ ከዚያ ወገብህን ያምሃል፤ ከዚያ መቋሚያው ከፍ ዝቅ ሲል፣ ጸናጽሉ ሲንሿሿ፣ ከበሮው ቀስ ብሎ ሲነሣ ድካምህን የምትረሳበት ሰዓት ይመጣል። ያ ሰዓት እንዲመጣ ግን ከእርሱ በፊት ያለውን መቆም አለብህ።

7. ስልክህን አጥፋ

ድምፁን መቀነስ አይበቃም፤ አጥፋው። በኪስህ የሚንቀጠቀጥ ስልክ በቅዳሴ መካከል ስምህን እየጠራ ወደ ውጭ ይጎትትሃል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ መቅረጹ ነው። የጥምቀት በዓላችን በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል፤ ዓለም አይቶታል፣ ይህም መልካም ነው። ታቦቱ በአጠገብህ ሲያልፍ ግን አንተ ዓለም አይደለህም፤ ሰጋጅ ነህ። ሁለት እጁን ስልክ ይዞ ወደ ላይ የዘረጋ ሰው እንዴት ይሰግዳል?

ጥር 11 ቀን መንገዱን የሚጠርጉትን፣ ምንጣፉን ከኋላ አንሥተው ሮጠው ከፊት የሚያነጥፉትን ወጣቶች ተመልከት። ላባቸው ይወርዳል፣ ልብሳቸው በአቧራ ይሞላል፤ ታቦቱን ግን ቀና ብለው ለማየት ጊዜ የላቸውም። ከእነርሱ ጋር ተሰለፍ። በአንድ ቀን የምንጣፍ አገልግሎት የምትማረው ትሕትና በብዙ ስብከት አይገኝም። በፎቅ ላይ ከሆንክም ታቦቱ ሲያልፍ ከላይ አትመልከት፤ ውረድ።

8. መፍራትና መሸሽን ለይ

ይህ ምክር ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል፤ ስለዚህ ረጋ ብለህ ስማኝ። በአገራችን ሕፃናት ይቆርባሉ፣ አረጋውያን ይቆርባሉ፤ በመካከል ያለው ወጣት ግን ደጅ ቆሞ ያስቀድስና ይሄዳል። ብትጠይቀው «አልበቃሁም»፣ «ሳረጅ እደርስበታለሁ» ይልሃል። አክብሮት ይመስላል፤ ነገር ግን ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ከእግዚአብሔር ጋር በሩቅ መተዋወቅ ይሆናል። ፈሪሃ እግዚአብሔር ወደ ንስሐ ካላደረሰ ጎዶሎ ነው።

ኢሳይያስን እንደገና አስበው። ያን ክብር ሲያይ ከንፈሩ የረከሰ ሰው እንደሆነ ተናገረ፣ ጠፋሁ አለ። አልሸሸም ግን። ከሱራፌልም አንዱ ከመሠዊያው ፍም በጉጠት ይዞ መጣና ከንፈሩን ዳሰሰው፤ በደሉም ተወገደ። ከዚያ በኋላ ነው ማንን ልላክ የሚለውን ድምፅ ሰምቶ እኔን ላከኝ ያለው። አባቶቻችን ደሙን የሚያቀብሉበትን ዕርፈ መስቀል በዚያ ጉጠት ይመስሉታል። ነገሩን አየኸው? አለመብቃቱን ያወቀው ሰው ነው ፍሙ የደረሰው። በቅቻለሁ ብሎ የሚቀርብ ማንም የለም፤ ካህኑም ቢሆን በቅዳሴው መካከል ስለ ራሱ ኃጢአት ይለምናል።

እንግዲህ የንስሐ አባት ያዝ። ካለህም ሂድና ሳትደብቅ ንገራቸው። የሚሰጡህን ቀኖና ፈጽም። የስቅለት ዓርብ እንዴት እንደሚደረግ አይተሃል፤ ሕዝቡ ሲሰግድ ይውልና ወደ ማታ በተራ ወደ ካህኑ ይቀርባል፤ ካህኑ በወይራ ቅጠል ትከሻውን መታ መታ አድርገው የሚሰግደውን ያዙታል። ያ ወይራ አያቆስልም። ጥፋትህን የሚያውቅ አባት እንዳለህ፣ ቀርበህም እንዳልተባረርክ ይነግርሃል። ከዚያ ትንሣኤ ይመጣል፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ጾምም ስግደትም የለም። ያው ሕዝብ፣ በዚያው አምላክ ፊት፣ አሁን በደስታ ይቆማል። መስገዱም መቆሙም ከአንድ ፍርሃት የወጡ ናቸው። ደስታን የማያውቅ ፍርሃት ከእግዚአብሔር እንዳልሆነ ከዚህ እወቅ።

9. ስሙን በምላስህ አታቅልለው

እሑድ የሰገድክለትን ስም ሰኞ በታክሲ ውስጥ እንዴት ትጠራዋለህ? ረዳቱ «ማርያምን፣ ዝርዝር የለኝም» ይላል፤ ዝርዝሩ ኪሱ ውስጥ ነው። ባለሱቁ «ጊዮርጊስን፣ ከዚህ በታች አያዋጣኝም» ይልና ከዚያ በታች ይሸጣል። ጓደኛህ «እግዚአብሔርን፣ እየመጣሁ ነው» ይልሃል፤ ገና ከቤቱ አልወጣም። ጆሯችን ለምዶት መሐላ መሆኑ እንኳ ጠፍቶናል። ሳምንቱን ሙሉ ስሙን ለሳንቲምና ለቀጠሮ የሚጠቀም አፍ፣ እሑድ ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ ሲል ለምን ቃሉ ቀለለብኝ ብሎ ማማረር አይችልም።

ይህን አንድ ነገር ለአንድ ሳምንት ሞክር፦ አዎን ካልክ አዎን፣ አይደለም ካልክ አይደለም በል፤ አትማል። ስንት ጊዜ ምላስህ ላይ እንደሚመጣ ስታይ ትደነግጣለህ። በሀና ማርያም ወይም በጀሞ ሚካኤል በኩል ስታልፍም ከታክሲው መስኮት ፈጥነህ አማትበህ ወደ ወሬህ አትመለስ። ወሬህን አቁም፣ ጎንበስ በል፣ አንዲት አጭር ልመና በልብህ አድርስ፤ ከዚያ ወሬህን ቀጥል። አብረውህ የተሳፈሩ ሌላ ሃይማኖት ያላቸው ሰዎችም አክብሮትህን አይተው ያከብሩሃል።

10. ደጁ ላይ የተቀመጠውን አትለፈው

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ከ1600 ዓመት በፊት ሲሰብክ፣ ክርስቶስን በመሠዊያው ላይ በሐር እያከበሩ በደጅ ግን ራቁቱን ሆኖ ሲበርደው የሚያልፉትን አጥብቆ ገሥጿል። ለመቅደሱ ጌጥ መስጠትን አልከለከለም፤ ከደሃው አስቀድማችሁ አታድርጉት አለ እንጂ። እኛ ደጅ ያሉትን አስብ። ቅዳሴ ሲወጣ መሬት ላይ ተቀምጠው በቅዱሳን ስም የሚለምኑትን ታውቃቸዋለህ። ሥጋ ወደሙ ሲያልፍ የሰገደ ጉልበት በእነርሱ ዘንድ ሲደርስ አይደንድን። ሳንቲም ስትሰጥ አትወርውር፤ ጎንበስ ብለህ በእጃቸው ስጥ፤ ከሌለህ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» በላቸውና ዓይናቸውን አይተህ እለፍ። በቅዳሴው ውስጥ ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ሲል አጠገብህ ያለው ሰው የተቀየምከው ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ እጅ ንሣው፤ ከቅዳሴም ስትወጣ በቃል ታረቀው። ሰውን እየናቁ ፈጣሪውን ማክበር አይቻልም።

11. በቤትህም አንዲት ማዕዘን ይኑርህ

የምትኖረው በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም በምሥራቅ በኩል ያለውን ግድግዳ ለጸሎት ለይ። ሥዕል ካለህ ስቀል፣ ከሥሩ ሌላ ዕቃ አትከምር። ቤተ ክርስቲያን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜ ሠርታልናለች፦ ነግህ፣ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ሠራተኛ ሆነህ ሰባቱን ሁሉ ያዝ አልልህም። በነግህና በመኝታ ቁም፤ ከዳዊት ጥቂት አንብብ፤ ቢቻል ውዳሴ ማርያም ድገም። ተኝተህ አትጸልይ፤ ተነሥተህ ቁም። ጠዋት ስትወጣም የፉሪን ተራራ ቀና ብለህ እየው፤ ከ2800 ሜትር በላይ ቁመት ይዞ ከእኛ ቤቶች ሁሉ በፊት እዚያ ነበር፤ ያቆመው ግን ከእርሱም በፊት ነበር። ይህን አንድ ጊዜ አስበህ ወደ ሥራህ ሂድ። በልቡ በየቀኑ የሚሰግድ ሰው እሑድ ከዜሮ አይጀምርም።

12. በደረቅ ቀን አትቅር

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ምንም የማይሰማህ እሑድ ይኖራል። ምናልባት ተከታታይ ብዙ እሑዶች። ያኔ ሁለት ስሕተት ይፈትንሃል። አንዱ መቅረት ነው፤ ሁለተኛው ስሜት የሚያነሣሣ ነገር ፍለጋ ከደጅ ደጅ መዞር ነው። ሁለቱንም ተው። እንባ ስጦታ ነው፤ ሲሰጥህ አመስግን፣ ሳይሰጥህ ሲቀር ደግሞ ቁም። በደረቅ ልብ የሚቆም ሰው ለስሜቱ ደስታ ሳይሆን ለእግዚአብሔር ለራሱ ነው የቆመው፤ በእኔ እምነት ከዚህ የበለጠ አክብሮት የለም። አጠገብህ ያለውንም አትመዝን፤ ያለቀሰውን አስመሳይ፣ ያላለቀሰውን ደንዳና አትበል። ጴንጤ ጓደኞችህም በአዳራሻቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲጸልዩ ብትሰማ አትሣቅባቸው፤ በአምልኮ ላይ መሣቅ ከማንም ቢመጣ የራስን ልብ ያደነድናል።

ልጄ፣ 12ቱን በአንድ ጊዜ አትያዛቸው፤ ይከብዱሃል። በዚህ ሳምንት አንዱን ምረጥ። እኔን ብትጠይቀኝ ከቅዳሜው ማታ ጀምር፤ ስልክህን በጊዜ ዘግተህ ተኛ፣ ሰውነትህን አዘጋጅ፣ ከኪዳኑ ጋር ድረስ። እርሱ ሲለመድህ ሌላውን ጨምር። የንስሐ አባትህን ግን ከዚህ ወር አታሳልፈው። በፊቱ በፍርሃት የምትቆምለት አምላክ፣ በፍቅር የሚጠራህ ያው እርሱ ነው። ዘመንህን ይባርክ፣ ጉልበትህን ያጽና፣ ከመቅደሱ ደጅ አይለይህ።